በራስ ማሰብ በዕለት ኑሮና በእምነት፦ ከካርቱም ታሪክ የተገኘ ምሳሌ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የታሪክ ትምህርት ሲሰጥ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው «መቼ? የት? ማን?» የሚሉትን ነው። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣም መልሱ አስቀድሞ በደብተር ላይ ተጽፎ የተሰጠ ስለሚሆን፥ ተማሪው የሚያደርገው ማሰብ ሳይሆን ማስታወስ ነው። ይህ ልማድ ከክፍል ውጭም ይከተለዋል። በገበያ የሰማውን ወሬ፥ ከአያቶቹ የወረሰውን ልማድ፥ ከሰባኪ ወይም ከሼህ አፍ የወጣውን ቃል ሁሉ እንደ ደብተር መልስ ይቀበለዋል፤ ወይም አንድ ቀን ይሰለቸውና ሳይመረምር ሁሉንም በአንድ ላይ ይጥለዋል። ሳይመረምሩ መቀበልና ሳይመረምሩ መጣል ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ አእምሮ ሥራ ፈትቷል።

እኛ መምህራን ይህን ጉድለት ለማቃናት ስንነሣ ምሳሌ የምንፈልገው ብዙውን ጊዜ ከሩቅ ነው፤ ከአቴና ሶቅራጥስን፥ ከኢጣሊያ ጋሊሊዮን እንጠቅሳለን። መጥቀሳችን መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከጣና የሚነሣው ዓባያችን ነጭ ዓባይን በሚገናኝባት ከተማ፥ በካርቱም፥ የእነርሱን ያህል ሊያስተምረን የሚችል ታሪክ አለ። ካርቱም ለእኛ ባዕድ አይደለችም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1941 ወደ አገራቸው ድንበር ከመግባታቸው በፊት የቆዩት በዚያች ከተማ ነው፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹም ብዙ ወገኖቻችን በስደት ኖረውባታል። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረበት በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የሩፋዓ ጭቃ ቤት

ከካርቱም ወደ ደቡብ ምሥራቅ፥ በዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ፥ ሩፋዓ የምትባል ከተማ አለች። ልንጠቅሳቸው የፈለግናቸው ሁለት ሰዎች ከዚህች ከተማ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያው ሼህ ባቢክር በድሪ ናቸው። በወጣትነታቸው የማህዲ ወታደር ነበሩ። ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ካርቱምን የያዘው፥ በ1888 ጎንደርን ያቃጠለው፥ በ1889 መተማ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር የተዋጋው ያ መንግሥት፥ የእርሳቸውም መንግሥት ነበረ። እርሳቸው ግን በዚያው በ1889 የተሰለፉት ወደ ግብጽ ከዘመተው ጦር ጋር ነው፤ ጦሩ ቶስኪ ላይ ድል ሲሆን ተማረኩ። በ1898 የማህዲስቶች መንግሥት በኦምዱርማን ጦርነት ከወደቀ በኋላ እኒህ አሮጌ ወታደር ሰይፋቸውን ሰቅለው አስተማሪ ሆኑ።

በ1907 በሩፋዓ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ለመክፈት ተነሡ። የእንግሊዝ ባለሥልጣኖች የሕዝቡን ቁጣ ስለ ፈሩ ፈቃድ ለመስጠት አመነቱ፤ በመጨረሻም ኃላፊነቱም ወጪውም የራስዎ ይሁን ብለው ፈቀዱላቸው። ትምህርት ቤቱ አንዲት የጭቃ ቤት ነበረች። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 17 ሲሆኑ ዘጠኙ ከራሳቸው ቤት፥ ስምንቱ ከጎረቤት የመጡ ልጆች ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማስተዋል የሚገባን ነገር አለ። ባቢክር በድሪ ሃይማኖታቸውን አልተዉም፤ የአባቶቻቸውንም ክብር አልናቁም። ያደረጉት ነገር አንድ ነው፦ «ሴት ልጅ ፊደል አትቁጠር» የሚለው ቃል የሃይማኖት ትእዛዝ ነው ወይስ የመንደር ልማድ? የሚለውን ለየ ሥራ ሠሩ። ሁለቱ ለረጅም ዘመን አብረው ስለ ኖሩ አንድ መስለው ነበር። ይህን የለየ ሰው ከዚያ በኋላ ማንንም መሳደብ አላስፈለገውም፤ የራሱን ልጆች አስቀድሞ ወደ ክፍል አስገባ። ከዚያች ጭቃ ቤት የተነሣው ሥራ በኦምዱርማን «አል-አሕፋድ» ወደሚባለው ትምህርት ቤት አደገ፤ ልጃቸው ዩሱፍ በድሪም በ1966 በዚያው ስም የሴቶች ኮሌጅ ከፈቱ፤ ኮሌጁ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሼህ ባቢክር ያረፉት በ1954 ነው።

የመምህራን ማሠልጠኛው ሙከራ

በራስ የማሰብ ጉዳይ የግለሰቦች ጀግንነት ብቻ እንዳይመስለን፥ የእኛን ሙያ በቀጥታ የሚነካ ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በካርቱም በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ በመጀመሪያ ዓላማው ለቅኝ አስተዳደሩ ጸሐፊዎችንና ዝቅተኛ ሠራተኞችን ማውጣት ነበረ። ለጸሐፊ የሚፈለገው ደግሞ የታዘዘውን በትክክል መገልበጥ ነው። ስለዚህ የትምህርቱም መንፈስ ያንኑ የሚመስል ነበር።

በ1934 በነጭ ዓባይ ዳር፥ በዱዌም ከተማ አጠገብ፥ ባኽት ኤር-ሩዳ የሚባል የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ተመሠረተ። የመጀመሪያው ኃላፊ ግሪፊትዝ የተባሉ እንግሊዛዊ ሲሆኑ ከሱዳናውያን የሥራ ጓደኞቻቸው ዋናው ዐብደልራሕማን ዐሊ ጣሃ ነበሩ፤ እኒህም በ1948 የሱዳን የመጀመሪያው የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ተቋሙ መምህራንን ከማሠልጠን ጋር የመማሪያ መጻሕፍትን እያዘጋጀ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ይሞክር ነበር። በጂኦግራፊ ትምህርት ሕፃናቱ የሩቅ አገር ተራሮችን ስም ከመሸምደድ ይልቅ በሱዳን ልዩ ልዩ ቀበሌዎች የሚኖሩ ልጆች እንዴት እንደሚያርሱ፥ እንዴት ከብት እንደሚጠብቁ፥ ምን እንደሚበሉ እየተማሩ የራሳቸውን ኑሮ ከሌላው እንዲያነጻጽሩ ተደረገ። የተማሪው አእምሮ እንዲሠራ ከተፈለገ የሚሠራበት ነገር በዓይኑ የሚያየው፥ በእጁ የሚዳስሰው መሆን እንዳለበት ይህ ሙከራ ያስረዳል።

ኡስታዝ ማሕሙድ

ሁለተኛው የሩፋዓ ሰው ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ ናቸው። ተከታዮቻቸው «ኡስታዝ» ይሏቸው ነበር፤ ትርጓሜውም መምህር ማለት ነው። በ1936 ከጎርደን ኮሌጅ በምሕንድስና ተመርቀው በሱዳን ምድር ባቡር ሠሩ። በ1945 «የሪፑብሊካን ፓርቲ» የተባለውን ድርጅት ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር መሠረቱ። በዚያን ጊዜ ከሱዳን ፖለቲከኞች አንዱ ወገን ከግብጽ ጋር አንድነትን ሲፈልግ፥ ሌላው ከእንግሊዝ ጋር ተስማምቶ መሄድን ይመርጥ ነበር። እርሳቸው ከሁለቱም ሳይወግኑ ሱዳን ነጻ ሪፑብሊክ ትሁን አሉ። በ1946 በዚሁ ሳቢያ ታሰሩ፤ ዝም ለማለት ፈርመው ይውጡ ቢባሉም አልፈርምም አሉ።

በዚያው ዓመት በሩፋዓ አንድ ከባድ ነገር ደረሰ። የእንግሊዝ አስተዳደር «የፈርዖን ግርዛት» የሚባለውን ከባዱን የሴት ልጅ ግርዛት በሕግ ከልክሎ ስለ ነበር፥ አንዲት እናት ልጅዋን በማስገረዝዋ ታሰረች። ማሕሙድ ጣሃ የሩፋዓን ሕዝብ ይዘው ተቃውሞ አስነሡ፤ በዚህም ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ለግርዛት የቆሙ ያስመስላቸዋል። እርሳቸው ግን ግርዛቱን ይቃወሙ ነበር። ክርክራቸው እንዲህ ያለ ልማድ የሚጠፋው በትምህርት እንጂ ባዕድ ገዥ እናቶችን እያሰረ አይደለም የሚል ነበር።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻችን ብናቀርብ ጥሩ የክርክር ርእስ ይሆናል። አንዱ ወገን «ልማድ በግዳጅ አይጠፋም» ሲል፥ ሌላው «ትምህርት እስኪስፋፋ ድረስ በየዓመቱ የምትጎዳው ሕፃን ምን ታድርግ? ሕግ የደካማ ጋሻ አይደለምን?» ሊል ይችላል። እኛም ሁለተኛው ጥያቄ ክብደት አለው እንላለን። የቅኝ ገዥው ሕግ ብቻውን ድርጊቱን አላጠፋውም፤ ልማዱ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሰፊው ቀጥሏል። በሌላ በኩል ደግሞ ሱዳናውያን ራሳቸው ለዘመናት ካስተማሩና ከተከራከሩ በኋላ በ2020 አገሪቱ ግርዛትን በወንጀል የሚያስቀጣ ሕግ አውጥታለች። ትምህርቱም ሕጉም አስፈላጊ ሆነው መገኘታቸውን ከዚህ እንረዳለን። ማሕሙድ ጣሃን ማክበር ማለት በሁሉም ነገር ትክክል ነበሩ ማለት አይደለም።

ከእስር በኋላ ኡስታዝ ማሕሙድ በሩፋዓ እስከ 1951 ድረስ ከሰው ተለይተው በጾም፥ በጸሎትና በማሰላሰል ቆዩ። በ1967 «ሁለተኛው የእስልምና መልእክት» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ በመካ የወረዱት የቁርኣን አንቀጾች የሰውን ነጻነትና እኩልነት የሚያውጁ መሠረታዊ መልእክቶች ናቸው፤ በመዲና የወረዱት የሕግ አንቀጾች ደግሞ ለሰባተኛው መቶ ዓመት ማኅበረሰብ የተሰጡ ናቸው፤ ስለዚህ ለሃያኛው መቶ ዓመት ሕግ መሠረቱ የመካው መልእክት ሊሆን ይገባል። ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ይህን አጥብቀው ተቃውመዋል፤ መቃወማቸውም መብታቸው ነው። ማን ልክ እንደሆነ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። እኛን የሚመለከተን ሰውዬው ሐሳባቸውን ያቀረቡበት መንገድ ነው። በኦምዱርማን ባለ ተራ የጭቃ ቤታቸው ከተከታዮቻቸው ጋር ይወያዩ ነበር። ተከታዮቻቸው ወንዶችም ሴቶችም በየመንገዱ መጽሐፍ እያዞሩ ይሸጡ፥ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ግቢም «የውይይት ማዕዘን» እየተባለ በሚጠራው ስብሰባ ቆመው የሚቃወማቸውን ሁሉ ጥያቄ ይመልሱ ነበር። ሐሳባቸውን ለተቃዋሚ ጥያቄ ክፍት አድርገው ነበር ማለት ነው።

ፍርዱና ፍጻሜው

በ1968 በካርቱም አንድ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ማሕሙድ ጣሃ በሌሉበት ከሃይማኖት ወጥተዋል ብሎ ወሰነ፤ በዚያን ጊዜ ግን ውሳኔው የሚፈጸም ኃይል አልነበረውም። በ1969 ጄኔራል ጃፋር ኒሜይሪ ሥልጣን ያዙ። የኒሜይሪ መንግሥት በ1972 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመውን የሰላም ስምምነት አድርጎ የደቡብ ሱዳንን የመጀመሪያ ጦርነት አስቁሞ ነበር። በ1983 ግን ስምምነቱን አፈረሰ፤ ጦርነቱም እንደገና ተቀሰቀሰ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር፥ እጅ መቁረጥንና ግርፋትን የሚጨምሩ ሕጎች በእስልምና ስም ታወጁ።

ማሕሙድ ጣሃና ድርጅታቸው እስከዚያ ጊዜ ድረስ የኒሜይሪን መንግሥት ከሌሎቹ ይሻላል ብለው ይደግፉ ነበር። ይህም ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የሚያስተቻቸው ነው። ነገር ግን በ1983 ይህ ድጋፍ አበቃ። ኡስታዙ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ያለ ክስ ታስረው በዲሴምበር 1984 ተፈቱ። ከተፈቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ፥ ዲሴምበር 25 ቀን፥ «ወይ ይህ፥ ወይ የጥፋት ውኃ» የሚል ርእስ ያለው አጭር ጽሑፍ በትኑ። ጽሑፉ የሴፕቴምበር ሕጎች እስልምናን የሚያጎድፉ፥ ሕዝቡን የሚያዋርዱና የአገሪቱን አንድነት የሚያሰጉ መሆናቸውን ገልጾ ሕጎቹ እንዲሻሩ፥ የደቡቡ ጦርነት በሰላማዊ ንግግር እንዲያበቃ፥ ሕዝቡም በነጻ እንዲወያይ የሚጠይቅ ነበረ።

ጃንዋሪ 7 ቀን 1985 ከአራት ተከታዮቻቸው ጋር ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኞቹ ነጻነት የላቸውም፥ ሕጉም ሕግ አይደለም ብለው ለመከራከር ፈቃደኛ አልሆኑም። በማግሥቱ የሞት ፍርድ ተሰጠ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጃንዋሪ 15 ቀን ሲያጸናው፥ መጀመሪያ ያልተከሰሱበትን ከሃይማኖት የመውጣት ወንጀል ጨመረበት። ፕሬዚደንቱም ጃንዋሪ 17 ቀን አጸደቁት። በማግሥቱ ዓርብ፥ በእኛ አቆጣጠር ጥር 10 ቀን 1977 ዓ.ም.፥ አዲስ አበባና ጎንደር ታቦት አውጥተው ከተራ በሚያከብሩበት ዕለት፥ እኒህ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ በሰሜን ካርቱም በሚገኘው በኮበር ወኅኒ ቤት ተሰቀሉ። አስከሬናቸው በሄሊኮፕተር ተወስዶ በስውር ተቀበረ። አራቱ ተከታዮች የጊዜ ገደብ ተሰጥቷቸው በቴሌቪዥን ሐሳባቸውን እንዲክዱ ተደረገና ተለቀቁ። በእነርሱ ላይ መፍረድ ለእኛ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ገመዱ ከፊቱ ያልተንጠለጠለበት ሰው ስለ ድፍረት ብዙ ባይናገር ይሻላል።

«ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል እንጂ፥ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚልም አለን። ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ፥ ኤፕሪል 6 ቀን 1985፥ ኒሜይሪ በሕዝብ ዐመፅና በሥራ ማቆም አድማ ከሥልጣን ወረዱ። ኖቬምበር 18 ቀን 1986 የሱዳን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቤተሰባቸው ያቀረበውን አቤቱታ መርምሮ ፍርዱን ዋጋ የሌለው አደረገው። መጽሐፋቸውም በ1987 በተማሪያቸው በዐብዱላሂ አሕመድ አን-ናኢም ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታተመ። በሃይማኖት መውጣት ምክንያት የሚሰጠው የሞት ቅጣት በሱዳን ሕግ የተሻረው በ2020 ነው። ሐሳብን የሚያሸንፈው የተሻለ ሐሳብ ነው፤ ገመድ ሰውዬውን ይገድላል እንጂ ለመጽሐፉ መልስ አይሰጥም።

በእኛም ዘንድ

ይህ የጎረቤት ታሪክ ነው ብለን እንዳናልፈው የራሳችንንም እንመልከት። በ15ኛው መቶ ዓመት አባ እስጢፋኖስና ደቀ መዛሙርታቸው ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል ብለው ለንጉሥ አንሰግድም ስላሉ፥ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ብዙ መከራ ተቀብለዋል። ገድላቸውን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» በሚል ርእስ በ1996 ዓ.ም. አሳትመውልናል። በትምህርታቸው መስማማት አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰዎቹ ግን መጽሐፍ አገላብጠው፥ መጽሐፍ ጠቅሰው የተከራከሩ መነኮሳት ነበሩ።

ከዚህም ሌላ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ሽምደዳ ብቻ እንደ ሆኑ አድርጎ መናገር የተለመደ ስሕተት ነው። ንባብና ዜማ በቃል ይያዛል፤ እውነት ነው። የቅኔ ተማሪ ግን የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት አይቀርብም፤ ሌሊት ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ይነግራል፤ የኔታም ያርሙታል። በመጻሕፍት ትርጓሜም «አንድም» የምትለው ቃል ስንት በር እንደምትከፍት የምናውቀው ነው። ለአንድ ንባብ አንድ ትርጓሜ ተሰጥቶ «አንድም» ሲባል፥ ሌላ መንገድም አለ፥ እርሱንም ስማ ማለት ነው። በእስልምናም ሊቁ ከምንጮቹ ተነሥቶ በራሱ ጥረት ፍርድ የሚያወጣበት «ኢጅቲሃድ» የሚባል ጥንታዊ ሥርዓት አለ። ስለዚህ ጥያቄ ከውጭ የገባ ዕቃ አይደለም፤ በየቤታችን ያለ፥ ነገር ግን አቧራ የለበሰ ቅርስ ነው።

ለክፍላችን የሚሆን ትምህርት

እንግዲህ ከእነዚህ ታሪኮች ለሥራችን የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች እናገኛለን።

አንደኛ፥ የጠቀስናቸው ሰዎች ሁሉ የመረመሩት የራሳቸውን ቤት ነው። ባቢክር በድሪ የራሳቸውን መንደር ልማድ፥ ማሕሙድ ጣሃ የራሳቸውን ሃይማኖት ሕግ፥ አባ እስጢፋኖስ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያንና ንጉሥ ጠየቁ። የጎረቤትን እምነት መመርመር ቀላል ነው፤ ማንም ያደርገዋል፤ ፍጻሜውም ብዙ ጊዜ ጠብ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዴስክ በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ይህ ደንብ ትልቅ ዋጋ አለው። ተማሪው «እናንተ ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ?» ከማለቱ በፊት «እኛ ለምን እንዲህ እናደርጋለን?» እንዲል እናስለምደው።

ሁለተኛ፥ በራስ ማሰብ ማለት ሳያውቁ መናገር አይደለም። ማሕሙድ ጣሃ ቁርኣንን፥ አባ እስጢፋኖስ መጻሕፍተ ብሉያትንና ሐዲሳትን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሳያነቡ መቃወም ድፍረት ሳይሆን ስንፍና ነው። በመሆኑም ተማሪው አንድን ሐሳብ ከመንቀፉ በፊት ባለቤቱ ራሱ «አዎን፥ ያልኩት ይህንን ነው» ብሎ እስኪመሰክርለት ድረስ በትክክል መግለጽ እንዲችል ይሠልጥን።

ሦስተኛ፥ ልምምዱ የሚጀመረው ከትንንሽ ነገሮች ነው። በኮበር ወኅኒ ቤት ፊት የሚቆም ሰው ከሺህ አንድ ነው። በየቀኑ ግን እያንዳንዱ ተማሪ ወሬ ይሰማል፤ ፈዋሽ ነኝ የሚል ያጋጥመዋል፤ ስለ ሌላ ብሔር ወይም ሃይማኖት ክፉ ነገር ሲነገር ይሰማል። በዚያን ጊዜ አራት ጥያቄዎች በአፉ ላይ ቢኖሩ ይበቁታል፦ ይህን ያለው ማን ነው? በምን አወቀ? ሌላው ወገን ምን ይላል? ብሳሳትስ ስሕተቴን በምን አውቃለሁ? አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ እርሱን የሚጠይቅ ሰው ግን በቀላሉ አይታለልም፤ ሌላውንም በጭካኔ አይፈርድበትም።

ይህን ሁሉ ለማስተማር አዲስ መጽሐፍ አያስፈልግም። መምህሩ ጥያቄ ካቀረበ በኋላ መልሱን ራሱ ለመናገር ከመቸኮል ጥቂት ዝም ቢል፤ ትክክል ያልሆነ መልስ የሰጠውን ተማሪ ከማሳፈር «እንዴት እዚያ ደረስክ?» ብሎ ቢጠይቀው፤ በፈተናውም ላይ ቢያንስ አንድ ጥያቄ መልሱ በደብተር ላይ የማይገኝ ቢያደርግ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው። ጥያቄ ሲበዛ ሥርዓት ይፈርሳል የሚል ስጋት ያለው የሥራ ባልደረባ ይኖር ይሆናል። ክፍል የሚረበሸው ግን ብዙ ጊዜ ጥያቄ ሲታፈን እንጂ ሲመለስ አይደለም።

ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጀምሮ በሱዳን የተነሣው ጦርነት ካርቱምንና ኦምዱርማንን ክፉኛ ጎድቷል፤ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መምህራንም ተሰደዋል። በጦር መሣሪያ የሚከራከሩ ሰዎች የበዙት የውይይት ማዕዘኖች ከጠበቡ በኋላ መሆኑን ስናስብ፥ በሃምሳ ተማሪዎች ፊት የምንቆም እኛ በእጃችን ያለው ነገር ትንሽ እንዳልሆነ እንረዳለን። ነገ ወሬ ሰምቶ ድንጋይ የሚያነሣው ወይም «ቆይ፥ በምን አወቃችሁ?» ብሎ ጓደኞቹን የሚያስቆመው ወጣት ዛሬ ክፍላችን ውስጥ ተቀምጦ እጁን አውጥቷል። ተራ ልንሰጠው ይገባል።